ኩልሱማ “አየሁ” ያለች ዕለት

የሁመድ ልጅ ኩልሱማ ከሩቅ የምትታወቀው በአረማመዷ ነበር። ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ልጅ ሆና የደርጊ ሐራ እሾህ ወግቷት፣ እሾሁ ሳይወጣ ቁስሉ ገጥሞ ቀረ። ይህን ዛፍ በረሃውን ያለማል ብለው ያመጡብን የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ሣሩንም መንገዱንም ዋጠው፤ እኛም የደርግ ዛፍ ብለን ስም አወጣንለት፣ ከዚያ በላይ የምናደርገው ነገር አልነበረም። ኩልሱማ በዚያ እሾህ መሀል በተረፈው የእግር መንገድ እያነከሰች ወደ ሰፈር ስትቃረብ፣ ትምህርት ቤት የሰለቻቸው ልጆች ከፍየሎቹ ኋላ ይደበቃሉ፤ የሰፈሩ ቀልደኛ ሉባክ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ልጆቻችሁን ቁጠሩ፣ ሌባዋ መጣች!” ይላል።

“ካንተ ቤት ምን ይሰረቃል?” ትለዋለች። “ግመልህ እንኳ ቀን የጎደለባት ናት።”

“ግመሌን ተያት! ካንቺ እግር የሷ ይሻላል።”

ይሳሳቃሉ። ከዚያ ወንዶቹ ከጥላው ገለል ብለው ቦታ ይለቁላትና መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ምክንያቱም ኩልሱማ መጣች ማለት ዳጉ መጣ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ተገናኝቶ “ደህና ዋልክ” ብቻ ተባብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ይባላል። ከየት ተነሣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባላል። ያዩት እንዳዩት፣ የሰሙት ደግሞ ከማን እንደሰሙት ተጠቅሶ ይነገራል። የሰው ሞት፣ የጠፋ ግመል፣ ዝናብ የጣለበት ምድር የሚታወቀው በዚህ ነው። አሁን ስልክ አለ አሉ፤ አዎ፣ ኮረብታ ወጥቶ በፀሐይ ሲቃጠል ለዋለ ሰው አለ። ዳጉ ግን ሁሌም አለ። በዳጉ የሚዋሽ ሰው አይገኝም፤ ሰዎች ጻድቅ ስለሆኑ አይደለም፣ ውሸቱ ሰው ስለሚገድል ነው። ዘንቧል ብለኸው ከብቱን ነድቶ የሄደ ሰው ደረቅ መሬት ካገኘ አለቀለት።

በዚህ ነገር ኩልሱማን የሚያህል አልነበረም። “ግመሉ ከሩቅ ነጭ ይመስላል፣ ቀለሙን ግን አላየሁም” የምትል ሴት ናት። ሌላ ሰው ያመጣውን ወሬ ሽማግሌዎች ሦስት አራት ጊዜ ያገላብጡታል፤ ኩልሱማ አየሁ ካለች ግን ሰው ተነሥቶ ግመሉን ይጭናል። ሀብቷ ይኸው ነበር። ሌላ አልነበራትም።

የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ የግራር ጥላ ነበር፤ ጥላው ሲዞር ተማሪውም አብሮ ይዞራል። አራተኛ ክፍል ሳለች ድርቅ ገባ፣ ፍየሎቹ አለቁ፣ እናቷ አጎቷ ዘንድ ይዛት ሄደች። ሲመለሱ እኩዮቿ አልፈዋት ሄደዋል። ከዚያ ተዳረች። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ እዚያው ሌላ ቤት ሠራ። የወለደቻቸው ልጆች ዳዴ ሳይሉ ሞቱባት። ስለዚህ አታወራም፤ እኛም አንጠይቃትም።

በኋላ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆችን ቤተሰብ እየዞረች እንድታነጋግር ቀጠራት። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ያለበት ሰደርያ ሰጧት። አንድ ቀን ለብሳው ብትሄድ ፍየሎቹ በረገጉ፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ለተወለደ ግልገል መጠቅለያ አደረገችው።

“ማነጋገር” ብለው የቀጠሯት ሰዎች ነገሩ በወሬ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር። በየስብሰባው የሚሉት፣ አርብቶ አደሩ ልጁን የማያስተምረው የትምህርት ጥቅም ስላልገባው ነው። ያናድዳል። ገብቶናል እኮ! ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል ውሃውን ማን ያምጣው? ለዚህ መልስ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ኩልሱማ እስክትመጣ። እሷ ዳጉዋን ከጨረሰች በኋላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ “ልጁ ምን ይሠራላችኋል?” ውሃ ከሆነ፣ ጄሪካኑን አንሥታ ውሃ ትወርዳለች። ግልገል ጥበቃ ከሆነ ግልገል ትጠብቃለች። ሰፈር የሚነሣ ከሆነ ከሴቶቹ ጋር ቤት እያፈረሰች፣ ሰሌኑን እየጠቀለለች ግመል ላይ ትጭናለች። ከዘመድ አዝማድ ያን ሥራ የሚሸፍን ሰው እስኪገኝ እንዲህ እያደረገች ትቆያለች። ከተገኘ ልጁ ይመለሳል። ካልተገኘ ደግሞ እግሯን እየጎተተች ወደሚቀጥለው ሰፈር ትሄዳለች። አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ የሉባክ ልጅ ሀስና ሆዷን ትበላት ነበር። ሀስና ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ በየበጋው ትጠፋለች፣ ዝናብ ሲጥል ትመለሳለች፣ ሌሎቹ ሲማሩ የከረሙትን በጥቂት ጊዜ ትደርስበታለች። እናቷ ዛህራ ከመጨረሻው ወሊድ ወዲህ ወገቧ ልክ አልሆነም። ወንድሞቿ ግመል ይዘው ሩቅ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቤት ሀስና ማለት ውሃ ማለት ነበረች። ኩልሱማ አንድ በጋ ሙሉ በሀስና ፈንታ ለዛህራ ቤት ውሃ ስትቀዳ ከረመች። ሉባክ መጀመሪያ ሳቀባት፤ ቀጥሎ አፈረ፤ በመጨረሻ ባሏ የሞተባትን እኅቱን ከሩቅ ሰፈር አምጥቶ ቤቱ አስገባ። “እግረ ቆማጣ ሴት ውሃ ስታመጣልኝ ከማይ ብሞት ይሻላል” አለ። ኩልሱማ ስድቡን እንደ ምርቃት ተቀበለችው።

ሀስና ስምንተኛ ክፍል ገባች። ሚኒስትሪ ካለፈች ከተማ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይቀበላታል። ያ ማለት ድርቅም፣ ግመልም፣ የእናቷ ወገብም ጎትቶ የማያመጣት ቦታ ደረሰች ማለት ነው። ከእኛ ቀበሌ፣ ከኡንዳ ዳአር፣ ሴቶች ልጆች እዚያ የደረሰች የለችም። ኩልሱማ በልቧ ይህን ብቻ ያዘች፤ አንዲት እንኳ ትለፍ።

በዚያው ዓመት የክረምቱ ዝናብ ቀረ። ሉባክ ከብቱን ይዞ ከተራራው ማዶ መሻገር ግድ ሆነበት። ሀስናን ትቶ ለመሄድ ያለው መንገድ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው የቆርቆሮ ማደሪያ ብቻ ነበር፤ ሰፈራቸው የራቀባቸው ልጆች የሚያድሩበት።

“ሴት ልጄን ለቆርቆሮ ሰጥቼ ልሂድ?” አለ።

“እኔ አለሁ” አለችው ኩልሱማ።

“አንቺ ምኗ ነሽ? ዘበኛዋ?”

“ያየሁትን እነግርሃለሁ። የትም ሁን፣ በዳጉ ይደርስሃል።”

ሉባክ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ አያት። “ብትታመም?”

“ጉንፋን ቢይዛት እነግርሃለሁ።”

“ብታለቅስ?”

“እንባዋን አይቼ እነግርሃለሁ። አሁንስ ምን ቀረህ?”

መፋቂያውን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ። ዛህራ ከቤት ውስጥ፣ “ልጅቷ ትቆይ በለውና ይለይለት” ብላ ጮኸች፤ ለማን እንደምትናገር ግን አልታወቀም።

“በይ ትቆይ” አለ ሉባክ። “ግን ስሚ፣ የሁመድ ልጅ። እኔ ልጄን ለቆርቆሮው አልተውኳትም። ላንቺ አፍ ነው የተውኳት።”

ኩልሱማ ያን ቀን ከሰፈሩ ስትወጣ እግሯን መጎተቷን ረስታ ነበር ይላሉ ያዩዋት።

ሉባክ ገና ሰፈሩን ሳይነቅል፣ ለትምህርት ቤቱ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ተበላሽቶ ቀረ። ሮቶው ደረቀ። ልጆቹ ከወንዙ ጠጡ፤ ወንዙም በዚያ ወቅት ወንዝ አይደለም፣ ከብት የቆመበት ጭቃ ነው። ማደሪያው ውስጥ ካሉት ልጆች ጥቂቶቹን ተቅማጥ ያዛቸው፣ ደምም ነበረው። ከእነሱ አንዷ ሀስና ናት። ኩልሱማ አጠገቧ ተኝታ፣ ጨውና ስኳር የበጠበጠችበትን ውሃ በማንኪያ ስታጠጣት ሰነበተች። የጤና ባለሙያዋ መጥታ ኪኒን ሰጥታ፣ “አይዞሽ፣ ለክፉ አይሰጣትም፣ በሳምንቷ ትነሣለች” አለቻት።

ርዕሰ መምህሩ ተካልኝ ከደጋ የመጣ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ለራሱ የገዛውን የታሸገ ውሃ ሕፃናቱን ሲያጠጣ የሰነበተ ሰው እንዴት ክፉ ይባላል? ግን ፈርቶ ነበር። ኩልሱማ ወደ ሰፈሮቹ ልትወጣ ስትነሣ በር ላይ ጠበቃት።

“ወይዘሮ ኩልሱማ፣ እባክሽን ይሄ ነገር ሰፈር እንዳይደርስ።”

“ይጠይቁኛል።”

“ደህና ናቸው በያቸዋ። ደግሞም ደህና ይሆናሉ፣ ባለሙያዋ ስትል ሰምተሽ የለ?”

“ደህና ይሆናሉ ልበል?”

“እንደሱ ካልሽማ ታመዋል ማለትሽ ነው! ያምናውን ረሳሽው እንዴ?”

አልረሳችውም። አምና ማደሪያው ውስጥ እባብ ተገኘ። ተገደለ፤ ማንንም አልነከሰም። ኩልሱማ በዳጉ ያወራችው ይህንኑ ነበር፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር። የሰማውም ሁሉ አንዲት ቃል ሳይጨምር አሻገረው። ግን አባት “እባብ” ሲባል እግሩ ከጆሮው ይቀድማል። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወላጆች በእግርም በግመልም መጥተው ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ ከሄዱት የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ያኔ በትከሻዋ ውሃ ተሸክማ ያስመለሰቻቸው ልጆች፣ በራሷ እውነት እንደገና ጠፉባት። በጣም አዘነች፤ በእውነቱ ላይ ራሱ ቂም የያዘች ይመስላል።

“አልረሳሁም” አለችው ተካልኝን፣ ሄደችም።

ደረቁ ወንዝ ጋ ስትደርስ ያገኘችው ጋዳሌን ነበር፤ የሉባክን አጎት። ጠፍታበት የሰነበተች ግመሉን አግኝቶ እየጎተተ ወደ ሉባክ ሰፈር ሲመለስ ነው። እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፣ ግመሏን አንበረከካት፣ ተቀመጡ።

“ከየት ተነሣሽ?”

“ከትምህርት ቤቱ።”

“መንገዱስ?”

“ደህና ነው። የጅብ ዱካ አይቻለሁ፤ የትናንት ነው፣ ወደ ፀሐይ መውጫ ይሄዳል። የያሲን ሰፈር ተነሥቷል። ሲነሡ አላየሁም፣ ያየሁት አመዱን ነው፣ ገና አልበረደም።”

“እህ” አለ ጋዳሌ። “ዝናብስ?”

“በደጋው በኩል ሲበርቅ አይቻለሁ። ጣለ ያለኝ ሰው ግን የለም።”

“እህ። የትምህርት ቤቱ ልጆችስ?”

“ደህና ናቸው።”

“የእኛዋ?”

“ደህና ናት።”

“ሰማሽ ወይስ አየሽ?”

ይህን የጠየቀው ለወጉ ነው። ዱላውን ይዞ ለመነሣት ተመቻችቶ ነበር። ኩልሱማን ማን ይጠራጠራል?

“አየሁ” አለች።

ጋዳሌ መረቃትና ተነሣ። ሲመሽ ሉባክ ዘንድ ደረሰ፣ የሰማውን አንድም ሳያጎድል ተናገረ። በማግስቱ ሉባክ ቤቱን ነቅሎ፣ ግመሉን ጭኖ ልቡ ረግቶ ተራራውን ተሻገረ።

ሀስና ዳነች። የታመሙት ልጆች ሁሉ ዳኑ፤ አንድም የሞተ የለም። ኩልሱማ ከጭንቋ ተገላግላ፣ ሉባክን ያገኘችው ዕለት “ታማ ነበር፣ ድናለች” ልትለው አሰበች። ከዳነች በኋላ ቢሰማው ምን ይጎዳዋል? ሰው ራሱን ሲያታልል ራሱን ዳጉ አይጠይቅም።

ሰንበት ብሎ ጋዳሌ ገበያ ሊወርድ ሲያልፍ የወንድሙን ልጅ ልጅ ለማየት ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አለ። ሀስና ሮጣ እጁን ሳመች፤ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ኩልሱማ ትንሽ ራቅ ብላ ውሃ እያፈላች ነበር።

“እንዴት ሰነበትሽ? ምን አየሽ?” አላት።

ሀስና ፈገግ አለች። ትልቅ ሰው በወጉ ሲጠይቃት ደስ ይላታል። “ደህና ነኝ፣ አባ ጋዳሌ። ታምሜ ነበር። ሆዴን አሞኝ ደም አስቀመጠኝ። ኩልሱማ ናት ያዳነችኝ። ሌሊትም ቀንም አጠገቤ ነበረች። እናቴ እንኳ እንደሷ አታስታምመኝም!”

“እህ” አለ ጋዳሌ። “መቼ ነው ይኼ?”

“ያንተ ግመል የጠፋች ጊዜ ነዋ። ተኝቼ እያለሁ ነው ጠፋች ሲባል የሰማሁት፣ ተገኘች ሲባልም አልተነሣሁም ነበር።”

ጋዳሌ ሌላ አልጠየቀም። ቀስ ብሎ ወደ ኩልሱማ ዞረ።

“እዚህ ነበርሽ?”

“ነበርኩ።”

“ታማ አይተሻታል?”

“አይቻታለሁ።”

ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ገበያውንም ትቶ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ሀስና ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።

“ምን አጠፋሁ?” አለች።

“ምንም አላጠፋሽም” አለች ኩልሱማ። “እውነት ነው ያወራሽው።” ውሃው ፈልቶ እየፈሰሰ ነበር፤ ማንሣት አልቻለችም።

ሉባክ ተራራውን ተሻግሮ መጣ። ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ዱላ ያነሣል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልጮኸም። ያመጣውን ወተት ለልጁ ሰጥቶ፣ ጠጥታ እስክትጨርስ ቆመ። ተካልኝ ወንበር ይዞ ሮጦ መጣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ሉባክ ሰማውና፣ “አንተ እንግዳ ነህ፣ አልተቀየምኩህም” አለው። ከዚያ ወደ ኩልሱማ ሄደ።

“ታማለች ብትይኝ እመጣ ነበር” አላት። “ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስትድን ትቼያት እመለስ ነበር። ይኼን ታውቂያለሽ?”

“አምና በእባቡ ጊዜ...”

“አምና እኔ ልጄን ወሰድኩ?”

አልወሰደም። እውነቱን ነው፤ አምና ከቤቷ ትመላለስ የነበረችውን ልጁን ከትምህርት ቤቱ ያላስወጣው እሱ ነበር፣ ኩልሱማ ማንም አልተነከሰም ስላለች።

“ብትመታኝ፣ ብትሰድበኝ ይቀለኛል” አለችው። “ስደበኝ። ካሳ ጠይቀኝ። ግን አትውሰዳት፤ ፈተናው ደርሷል። ስለ ልጅቷ ብለህ።”

“እንዴት አድርጌ ልተዋት?” አለ ሉባክ፤ ድምፁ ያኔ ነው የተሰበረው። “ከተራራው ማዶ ሆኜ ደህና ናት ብትይኝ እንዴት ልመን? ታመመች ብትይኝስ? ማነው ስለ ልጄ የሚነግረኝ? አንቺ ነበርሽ እኮ!”

ሀስና እያለቀሰች አባቷን ተከትላ ሄደች።

ኩልሱማ ራሷ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ ቅጡኝ አለች። ቀጧት። ፍየል አምጥታ ታረደ፣ ተበላ፣ ተመረቀ፣ ይቅር ተባለች። ጋዳሌ ግን ሲጨርስ እንዲህ አለ፦ “አንቺን ይቅር ብለናል፤ ልጃችን ነሽ። ከእንግዲህ ግን ያንቺን ቃል አናሻግርም።”

እንደተናገረውም ሆነ። ሰፈር ስትገባ ወተት ይሰጧታል፣ ጥላ ይለቁላታል፣ እግሯን እንዴት ነው ይሏታል። ከየት ተነሣሽ፣ ምን አየሽ የሚላት ግን የለም። ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ወንዶቹ ስለ ግመል እያወሩ ይነሣሉ። የሚቀልድባት እንኳ ጠፋ፤ ሌባዋ መጣች ማለት ቀረ። ውሃ ትቀዳለች፣ ግልገል ትጠብቃለች፣ እነሱም ያመሰግኗታል፤ ልጆቹ ግን አይመለሱም። ማደሪያው ውስጥ ልጅ ያላቸው ወላጆችም አንድ በአንድ መጥተው ወሰዱ። ተቆጥተው አይደለም። ሩቅ ሆነው የሚሰሙበት ጆሮ ስለጠፋባቸው ነው።

ተካልኝ ስብሰባ እንጥራ፣ እናስረዳቸው ይላል። ምን እንደሚያስረዳ እንጃ።

ሚኒስትሪው ሲቃረብ ግን አንድ ደግ ነገር ነገራት፤ የሀስና ስም አልተሰረዘም፣ ሰኞ ጠዋት ከደረሰች ትፈተናለች። ቦቴውም ተጠግኖ ሮቶው ሞልቷል። ኩልሱማ ይህን ሰምታ አላደረችም። የሉባክ ቤተሰብ ከተራራው ወዲህ ተመልሶ ሰፍሯል፤ ሉባክ ራሱ ግን ግመሎቹ ጋ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ልጅቷ አትሄድም። ኩልሱማ እሱ ዘንድ ብትሄድ ለዳጉ እንደማይቀመጥላት ታውቃለች፤ ከልጁ አፍ ከመጣ ግን ይሰማል። ስለዚህ ሰፈሩን ትታ ሀስና ፍየል ወደምትጠብቅበት ሄደች።

ሀስና ስታያት እየሮጠች መጥታ እጇን ሳመች። አድጋለች፣ ከስታለችም። ተቀመጡ።

“ከየት ተነሣሽ?” አለች ሀስና።

ኩልሱማ ልቧ ዘለለ። ይህን ጥያቄ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ሁሉንም ነገረቻት፤ መንገዱን፣ ቦቴውን፣ ሮቶው እስከ አፉ ሞልቶ በዐይኗ ማየቷን፣ ስሟ አለመሰረዙን፣ ሰኞን። ሀስና አንገቷን ደፍታ ሰማች።

“መፈተን ትፈልጊያለሽ?”

“እፈልጋለሁ” አለች ልጅቷ፣ ወዲያው። “በህልሜም እፈተናለሁ።”

“እንግዲያስ ለአባትሽ ላኪበት። ወደ ግመሎቹ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።”

እውነትም አልጠፋም። ብዙ ሳይቆይ ዳውድ የሚባል ጎረቤታቸው፣ ለግመል ጠባቂዎቹ ዱቄት ጭኖ፣ ከእሾሁ መሀል ብቅ አለ። ኩልሱማን እጇን ይዞ በአክብሮት ሰላም አላት። ከዚያ ግመሉን አንበርክኮ፣ ፊቱን ወደ ሀስና አዙሮ ተቀመጠ።

“ምን አየሽ?” አላት።

“ፍየሎቹ ደህና ናቸው። አንዷ ለመውለድ ተቃርባለች። የጉድጓዱ ውሃ ቀንሷል፣ አይቼዋለሁ።”

“እህ። ከትምህርት ቤቱ በኩልስ? ማንን አገኘሽ?”

ሀስና ቀና ብላ ኩልሱማን አየቻት። ዐይኖቿ እንባ ሞልተዋል። ኩልሱማ በከንፈሯ ብቻ፣ በይ፣ በይ አለቻት። ብትናገር ግን ከማን እንደሰማችው መጥራት አለባት፤ የኩልሱማ ቃል ደግሞ አይሻገርም።

“ማንንም አላገኘሁም” አለች ሀስና።

ዳውድ ኩልሱማ ወደተቀመጠችበት አልዞረም። “በይ፣ ለአባትሽ እንደነገርሽኝ እነግረዋለሁ” አለና ግመሉን አስነሣ።